ጣፋጭ የማይገባበት ግቢ

እኔ አንሱያ በዚህ መንደር ተድሬ ከመጣሁ ጀምሮ ነጭ ልብስ አጥቤ ነጭ ሰብስቤ አላውቅም። ጠዋት አሰጣለሁ፤ ከሰዓት ልሰበስብ ስወጣ ጥቁር ነጠብጣብ ሰፍሮበት ይጠብቀኛል። እናራግፈው ብላችሁ በእጃችሁ ስትነኩት ይፈርጥና ይባስ ይሰራጫል። የሚልከው የስኳር ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ነው። አገዳችንን ይጨምቃል፤ ምጣጩን ቦይለር በሚሉት ትልቅ ምድጃ ውስጥ አንድዶ ኤሌክትሪክ ያመነጭበታል፤ ስኳሩንም መብራቱንም ለከተማ ይሸጥና አመዱን ለኛ ይተውልናል። በሳህናችን ላይ፣ በጉድጓድ ውሃችን ላይ፣ በሕፃናቱ ዓይን ውስጥ።

ብዙ ዘመን ዝም አልን፣ ልጆቼ። ዝም ያልነው ፈርተን ብቻ አይደለም። ፋብሪካው የገበሬዎች ማኅበር ነው፤ "የራሳችሁ እኮ ነው" ይሉናል። ሊቀመንበሩን ራንግራኦንም እጃችንን አውጥተን የመረጥነው እኛው ነን። የገዛ እጃችሁ ያስቀመጠውን ሰው መቆጣት እንዴት እንደሚያንቅ የቀመሰው ያውቀዋል።

መንደራችን ፒምፐልዋዲ ከፋብሪካው አጥር ሥር ነው ያለችው። በምሥራቅ በኩል የጋራ ግጦሽ ነበረን፤ የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ። ራንግራኦ መጀመሪያ በተመረጠ ጊዜ መንደሩን ሰብስቦ፣ "ለአንድ ወቅት ብቻ አመዱን እዚህ እናራግፍ፤ ሌላ ቦታ እስክናገኝ" አለ። ጨዋ ሰው ነው፣ ሲናገር ማር ይንጠባጠብለታል። እሺ አልን። ያ አንድ ወቅት እስከ ዛሬ አላለቀም። ትራክተሩ እያራገፈ እያራገፈ ሜዳው ላይ ኮረብታ በቀለ። ሣሩ ጠፋ፤ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ኮረብታው ተነስቶ ቤታችን ይገባል።

አመድ ላዩ ያታልላል። ከላይ ግራጫ ሆኖ፣ ቀዝቅዞ፣ ድመት የምትተኛበት ይመስላል። ከሥሩ ግን ረመጥ ነው፤ ለሳምንታት አይጠፋም። አንድ ቀን እንደ ላም የምትታለበው ጎሻችን ከኮረብታው ማዶ የቀረችውን ሣር አይታ በላዩ ልትሻገር ስትል ቅርፊቱ ተሰብሮ እስከ ሆዷ ሰመጠች። ጩኸቷን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ልጄ ቢካጂ እሷን ሊያወጣ ባዶ እግሩን ሮጦ ገባ። ጎሿም አልወጣች፤ የልጄም እግሮች እስከ ጉልበቱ ተለበለቡ።

ሊቀመንበሩ ሆስፒታል መጣ። ምን ይዞ መጣ በሉኝ። አንድ ካርቶን ፔዳ! ያንን ለሠርግና ለልደት የምናድለውን የወተት ጣፋጭ። ቢካጂ አልጋው ላይ ጥርሱን ነክሶ ተኝቷል፣ ሰውየው ካርቶኑን ራስጌው ላይ አስቀምጦ፣ "እግዚአብሔር አተረፈው፣ አፋችሁን አጣፍጡ" ብሎ ወጣ። በማግስቱ ኮረብታው ላይ "መግባት ክልክል ነው" የሚል ቆርቆሮ ተተከለ። ያደረጉልን ይኸው ነው። የጎሿን ካሣ ማንም አላነሳም።

ልጄ ዳነ ይባላል። በዱላ ይሄዳል፤ እርሻ ላይ ግን ሊቆም አይችልም። ደጃፍ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ይውላል። ሚስቱ ኩሱም በሰው ማሳ ላይ አገዳ ስታርም ውላ ማታ ትመጣለች፤ ቀና ብሎ አያያትም። አሳፍሮት ነው። አንድ ቀን፣ "አትያ፣ ልጅሽ ከእግሩ ይልቅ አንደበቱ ነው የተቃጠለው" አለችኝ። አማቷ ስለሆንኩ አትያ ነው የምትለኝ። እንባዬን በሳሪዬ ጫፍ ጠረግሁ።

በዚያ ዘመን ነው ቻሩሺላ የመጣችው። የሳንግሊ ከተማ ምህንድስና ኮሌጅ መምህርት ናት። ሞተር ሳይክሏን ደጃችን አቁማ አመዱን በከረጢት ስትሞላ አየኋት።

"አንቺ ልጅ፣ ድስት መፈግፈጊያ አመድ ቤትሽ የለም እንዴ? ምን ያደርግልሻል?" አልኳት።

ሳቀች። "አጂ፣ በዚህ ቤት ሊሠራ ይችላል" አለች፤ አሮጊትን ሁሉ አጂ፣ አያቴ፣ ነው የምንለው።

"በዚህማ ቤት ፈርሷል።"

ሳቋን አቆመች። ተቀመጠች፤ ውሃ ሰጠኋት፤ የቢካጂንም ነገር ነገርኳት። እሷም ቀስ ብላ አስረዳችን። በደንብ ነድዶ የነጣው አመድ ተነፍቶ እንደ ዱቄት ሲላም ከሲሚንቶ ጋር ይያያዛል፤ ከሲሚንቶው ሩቡን አውጥተው በሱ ቢተኩት ብሎኬቱ አይደክምም፣ እንዲያውም እየቆየ ይጠነክራል። ጥቁሩና ገለባው ገና የሚታየው ግን ያልነደደ ነውና መጣል አለበት። ብሎኬት የሚያወጣውን ማሽን ከኮሌጁ አመጣላችኋለሁ አለች። ቢካጂ ከደጃፉ ሆኖ ይሰማል። በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ፤ "ማሽኑ በእጅ ነው በእግር የሚሠራው?" አለ።

"በእጅ። ማንሻውን መጫን ብቻ ነው።"

"እንግዲያውስ እጅ አለኝ።"

ኩሱም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

የመጀመሪያው ሥራችን መሳቂያ አደረገን። ሴቶቹ ተሰብስበን በወንፊት ነፋን፤ የመንደሩ ባለ ወፍጮ የጣለውን አሮጌ ወፍጮ አስነስተን ፈጨን፤ አሸዋና ሲሚንቶ ቀላቅለን ውሃ አፈሰስንበት። ብሎኬቱ ወጣ፣ እንዴት ያምራል! በማግስቱ ልናነሳው ብንል ጭቃ ነው። በሦስተኛውም ቀን ጭቃ። ጎረቤታችን ባገርያ ቆማ፣ "ይኼ ብሎኬት ነው ወይስ የሐልዋ ገንፎ? ማንኪያ ላምጣ?" ትላለች። ቢካጂ ፊቱ ጠቆረ፤ ዱላውን አንስቶ ወደ ቤት ገባ።

ቻሩሺላን አስጠራን። ጭቃውን ነካች፣ አሸተተች፣ ከዚያ ዞራ፣ "ውሃውን በምን ቀዳችሁ?" አለች።

"በበርሜል ነዋ።"

"በየትኛው በርሜል?"

አሳየናት። በኛ አገር በየደጁ ያለው በርሜል ከፋብሪካው የወጣ የሞላሰስ፣ የስኳር አተላው፣ በርሜል ነው፤ ሌላ በርሜል አናውቅም። ላሞቻችንም የሚጠጡት ከሱ ነው። ጣቷን በበርሜሉ ውስጥ አዙራ ላሰችውና ሳቋ ገነፈለ። "አጂ፣ ስኳር ጠብ ያለበት ሲሚንቶ እኮ አይጨብጥም! ትንሽ ጣፋጭ ይበቃዋል፣ ጭቃ ሆኖ ይቀራል።"

ዕድሜያችንን ሙሉ ስኳር ስናመርት ኖረን ይህን አናውቅም ነበር። ሞላሰስ ያልነካው አዲስ በርሜል ገዛን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩሱም ሕግ አወጣች፤ በብሎኬቱ ግቢ ጣፋጭ አይገባም። ሻይ የሚፈልግ ውጭ ይጠጣል፣ አገዳ እየመጠጠ የሚመጣ በሩ ላይ ይተፋል። ባገርያን እንኳ አንድ ቀን አፏን አስከፍታ ፈትሻታለች።

ከዚያማ ሠራን። ቢካጂ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ማንሻውን ሲጫን ክንዱ ወፈረ፣ ድምፁም ወፈረ። "ውሃ አጠጡ! ፀሐይ አያግኘው! ይህን ማን ነው ያልነፋው?" እያለ ሴቱን ሁሉ ያዛል። ኩሱም ትሰድበዋለች፣ እሱም ይመልስላታል፤ ማታ ሲጣሉ ስሰማ ደስ እያለኝ እተኛለሁ። በብሎኬታችን የትምህርት ቤቱ አጥር ተሠራ፤ የባገርያ የከብት በረት ተሠራ። ያ ልጄን ያቃጠለ ኮረብታ ከአንድ ጎኑ መጉደል ጀመረ። በየቀኑ እያየሁት፣ "እሰይ፣ እንበላሃለን" እለው ነበር።

ታዲያ አንድ ጠዋት ልንዝቅ ስንሄድ ኮረብታው በሽቦ ታጥሮ አገኘነው። በር አለው፤ በሩ ላይ ቁልፍ፤ ቁልፉ ጋ ዘበኛ። ዘበኛው የራሳችን መንደር ልጅ ዲንካር ነው፤ ሲያየኝ አንገቱን ደፋ።

"ምንድነው ይሄ፣ ዲንካር?"

"አጂ፣ እኔ ምን አውቃለሁ። አመዱ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ተሽጧል አሉ። የመኪና ሚዛን ሊተክሉ ነው።"

"ማን ሸጠው?"

"ሳሄብ ነዋ፣ ጌታው ሊቀመንበሩ።"

እንደዚያን ቀን ደሜ ፈልቶ አያውቅም። ወደ ራንግራኦ ቢሮ ሄድን፤ እኔ፣ ኩሱም፣ ባገርያ፣ ሌሎችም። ሻይ አዘዘልን። ማንም አልነካውም።

"አጂ፣ ይኼ የፋብሪካው ንብረት ነው" አለ በዚያ በማር ድምፁ። "ለማኅበሩ ገቢ ነው፤ ለእናንተው ጥቅም ነው እኮ።"

"ዓይናችን ውስጥ ሲገባ የማን ንብረት ነበር?" አልኩት። "ያኔ ለምን ባለቤት አልመጣም? ልጄ ሲቃጠልበት ለምን 'የኔ ነው' ያለ አልተገኘ? ሲያቃጥል የኛ፣ ሲሸጥ የናንተ!"

"እናየዋለን፣ አጂ። ቀስ ብለን እናየዋለን።"

መሬቱ የመንደሩ ነው ብለን ወደ ወረዳው ቢሮ ሄድን። እዚያም ሻይ አዘዙልን። በዚህ አገር ሰው ሊገፋችሁ ሲፈልግ ሻይ ያፈላላችኋል።

ቢካጂ እንደገና ደጃፍ ተቀመጠ። ማሽኑ ግቢው ውስጥ በጆንያ ተሸፍኖ ቆመ። ኩሱም ወደ ሰው ማሳ ተመለሰች። አንድ ማታ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ስድብ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። ያ ጸጥታ ነው ያሳበደኝ።

የዳሰራ በዓል ሲቀርብ ራንግራኦ ራሱ በመኪና ቤታችን መጣ። ካላወቃችሁ ልንገራችሁ፤ የአገዳ ወቅት ሲከፈት ቦይለሩ እንዲሁ አይለኮስም። አንድ ባልና ሚስት ከእሳቱ በር ፊት ይቀመጣሉ፤ የሁለቱ ልብስ አንድ ላይ ይቋጠራል፤ ጉሩጂው፣ ካህኑ ማለት ነው፣ በስማቸው ስእለቱን ይላል፤ ከዚያ በተቆረጠው መልካም ሰዓት ችቦውን ወደ ውስጥ ይጥላሉ። ትልቅ ክብር ነው። ሊቀመንበሩ የመረጠው እኔንና ባለቤቴን ነው፤ የመንደሩን ሽማግሌና አሮጊት። አፋችንን በክብር ሊደፍነው ነው።

ባለቤቴ ዝም የሚል ሰው ነው። አገዳ ሲቆርጥም ሲበላም ሲያዝንም አንድ ዓይነት ነው። እኔን ሳያማክር "እሺ" አለ። መኪናው እንደሄደ ጮህኩበት።

"አሆ! ልጅህን ያቃጠለውን እሳት ልትለኩስለት ነው?" አሆ ነው የምለው፤ እኛ ሴቶች ባላችንን በስሙ አንጠራም።

"ሰው ቤቴ መጥቶ ጠየቀኝ። ምን ልበል?"

"እምቢ በላ!"

"እምቢ ማለት አልለመድኩም" አለ፤ አገጩን እየደባበሰ። እውነቱን ነው። ለአንድም ሰው እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ስለዚህ ነው ሁሉም የሚወደው፣ ሁሉም የሚረግጠው።

ሌሊቱን ሳብሰለስል አድሬ ጠዋት አዲሱን አረንጓዴ ሳሪዬን አወጣሁ። ኩሱም ደነገጠች። "አትያ፣ ልትሄጂ ነው?"

"እሄዳለሁ። ሴቶቹን ሁሉ ይዘሽ ነይ። የበዓል ልብሳችሁን ልበሱ።"

ሜዳው ሰው ሞልቶ ነበር። የማኅበሩ አባላት፣ አገዳ ቆራጮቹ ከነበሬዎቻቸው፣ ከከተማ የመጡ ጥምጥማም እንግዶች፣ ከሲሚንቶ ፋብሪካውም ባለ ጥቁር መነጽር ሰው። ከቦይለሩ በር ፊት ተቀመጥን። ጉሩጂው ልብሳችንን ቋጠረ፤ በእጃችን ውሃ አፍስሶ በስማችን ስእለቱን ተናገረ። ራንግራኦ ከአጠገባችን ቆሞ ለፎቶ ይስቃል። ችቦው በባለቤቴ እጅ ተለኮሰ።

ያን ጊዜ የዝግጅቱ አስተዋዋቂ ድምፅ ማጉያውን ይዞ መጣ። "እንግዲህ አጂ፣ ስሙን ይጥሩልን!" ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ልማዳችን ነው፤ በሌላ ቀን በስሙ የማንጠራውን ባል እንዲህ ባለ ቀን በግጥም እንጠራዋለን። አሮጊት ስትሽኮረመም ማየት ደስ ይላቸዋል። እኔም የጠበቅኩት ይህቺን ነበር። ማይኩን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ስኳሩ ከተማ ወረደ፣ አመዱ ከቤቴ ገባ፤
የሜዳችን በር ሳይከፈት እሳት አይለኩስም ዶንዲባ።"

ጭብጨባው እንደተጀመረ ተቋረጠ። የቦይለሩ ሠራተኞች እንኳ ዞሩ። ከሴቶቹ መሃል ባገርያ፣ "እሰይ አንሱያ!" ብላ ጮኸች።

ራንግራኦ አልተቆጣም፤ እሱ መች ይቆጣል። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ "አጂ፣ ቆንጆ ግጥም ነው። አሁን ይለኩሱትና በኋላ ቢሮዬ ተቀምጠን እንነጋገራለን፣ ቃሌ ነው" አለ።

በማይኩ መለስኩለት። "ሳሄብ፣ እኔና ምራቴ ብሎኬት ስንሠራ አንድ ነገር ተምረናል። ስኳር የገባበት ሲሚንቶ አይጨብጥም። የርስዎ ቃል ጣፋጭ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ጣፋጭ ነው። አንድም ግድግዳ አልቆመበትም። እዚህ ይናገሩት፣ ሁሉም ይስማ።"

ጉሩጂው ሰዓቱን አየ። "ሳሄብ፣ መልካሙ ሰዓት ሊያልፍ ነው" አለ።

"ሌላ ባልና ሚስት አስቀምጡ!" አለ አንዱ እንግዳ።

"አይሆንም" አለ ጉሩጂው፣ ላቡን እየጠረገ። "ስእለቱ በነሱ ስም ተነግሯል። ቋጠሮው ታስሯል። እሳቱ የነሱ ነው።"

ያኔ ራንግራኦ ወደ ባለቤቴ ዞረ። እሱን ያውቀዋል፤ እምቢ የማይል ሰው መሆኑን ያውቃል። እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ "ዶንዲባ ታትያ፣ አባቴ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ሴት ነገር አይገባትም። ችቦውን ይጣሉት በቃ" አለው።

ባለቤቴ ችቦውን አየ፤ እኔን አየ፤ ሕዝቡን አየ። ከዚያ በዚያ ቀስ ባለ ድምፁ፣ ማይኩ አጠገቡ መሆኑን እንኳ ሳያውቅ፣

"ሳሄብ፣ ስሜን ጠራችው እኮ" አለ። "በዚህ ሁሉ ሰው ፊት 'ዶንዲባ አይለኩስም' አለች። ብለኩሰው ሚስቴ ውሸታም ልትሆን ነው። እንዴት አድርጌ ነው አብሬያት ቤት የምገባው?"

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አገዳ ቆራጮቹ በሬዎቻቸው ላይ ተንጋለው ሳቁ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ያ እምቢ ማለት ያልለመደው ሰው ችቦውን ቀና አድርጎ እንደያዘ ተቀምጧል፤ የችቦው ዘይት በእጁ ላይ ይንጠባጠባል፣ አይነቃነቅም። ከዚያ ከአባላቱ መሃል አንድ ሽማግሌ፣ "በሩን ክፈት!" አለ። ሌላው ተቀበለው። ከዚያ ሁሉም። "ክፈት! ክፈት!"

ጉሩጂው ደግሞ፣ "ሳሄብ፣ ሰዓቱ!" ይላል።

ራንግራኦ ማይኩን ተቀበለኝ። ማሩ አልቆበት ነበር፤ ድምፁ ደረቅ ነው። "በፒምፐልዋዲ ግጦሽ ላይ ያለው አመድ የመንደሩ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካው ከዛሬ ጀምሮ የሚወጣውን ብቻ ይወስዳል፤ እዚያም ሜዳ ላይ ከእንግዲህ አይደፋም።" ባለ መነጽሩ ሰው ተነስቶ ወጣ።

"ይድገሙት" አልኩ።

ደገመው።

ችቦውን ከባለቤቴ ጋር ይዘን ወረወርነው። ምጣጩ ያዘ፤ ነበልባሉ ሲጮህ ፊታችንን ለበለበው። የድግሱን ምሳ አልጠበቅንም። ኩሱምና ሴቶቹ ከነበዓል ሳሪያቸው በቀጥታ ወደ ኮረብታው ሄዱ። ዲንካር በሩ ላይ ቆሟል። "በማጉያው ሰምቼዋለሁ" አለና ራሱ ቁልፉን ፈታ። እንግዲህ ሽቦውን ማን ያቆመዋል? እስከ ማታ ተጠቅልሎ የባገርያ በረት ውስጥ ገባ፤ ዛሬ ዶሮዎቿን ታጥርበታለች።

አሁን ደስ አለሽ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ደስታ አለ፤ ቁጣዬ ግን የትም አልሄደም፣ ልጆቼ። የልጄ እግር አልተመለሰም። ጭስ ማውጫውም በማግስቱ ያንኑ ጥቁር ነጠብጣቡን አረንጓዴ ሳሪዬ ላይ ዘራብኝ፤ እሳቱን የለኮስኩት እኔው ነኝ ብሎ እንኳ አልራራልኝም። ለሱ ደግሞ ሌላ ቀን እንነሳለን።

ከሳምንት በኋላ ማሽኑ ሲንኳኳ፣ ቢካጂ "ማን ነው ይህን ያልነፋው!" ሲል፣ የሊቀመንበሩ መኪና ግቢው በር ላይ ቆመ። ራንግራኦ ወረደ። ለፋብሪካው አዲስ አዳራሽ ብሎኬት ሊያዝ ነው የመጣው። በእጁ ካርቶን ይዟል፤ ያንኑ፣ ሆስፒታል ያመጣውን ዓይነት ፔዳ። እኔ ከጥግ ተቀምጬ ወንፊቴን ይዤ አያለሁ።

ኩሱም እጇን በሳሪዋ ጠርጋ በሩ ላይ ቆመች። "ሳሄብ፣ ጣፋጭ እዚህ አይገባም።"

"ለእናንተ እኮ ነው፤ አፋችሁን ለማጣፈጥ።"

"አውቃለሁ። ውጭ ያስቀምጡት።"

ዙሪያውን አየ። ሴቶቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው ያዩታል። ካርቶኑን መኪናው ውስጥ መለሰና እጁን ባዶውን እያሳያት ሊገባ አንድ እግሩን አነሳ።

"እጅዎን ይታጠቡ" አለችው፤ ወደ አዲሱ በርሜል እየጠቆመች።

ታጠበ።